ካልሞተ ወይም ካልሄደ፦ ስለ ሕንድ «ብሃራት ራትና»

በአገራችን የቆየ አባባል አለ፤ «ሰው ካልሞተ ወይም ካልሄደ አይመሰገንም» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው በለቅሶ ቤትና በሽኝት ዝግጅት ላይ ነው። ሁልጊዜ የሚገርመኝ አባባሉ ቸልተኝነታችንን የተፈጥሮ ሕግ አስመስሎ ማቅረቡ ነው። ይህን ጽሑፍ ስጀምር ግን ስለ እኛ ላማርር አላሰብኩም። ይኸው ነገር ባሕር ማዶ፣ እንደኛው ጥንታዊ በሆነ በሌላ አገር፣ በመንግሥት ደንብ፣ በሜዳሊያና በፍርድ ቤት ክርክር ውስጥ ሲያልፍ ምን እንደሚመስል ላወጋችሁ ፈለግሁ። አገሩ ሕንድ ነው። ሜዳሊያው «ብሃራት ራትና» ይባላል፤ ወደ አማርኛ ቢመለስ «የሕንድ ዕንቁ» እንደ ማለት ነው። አንድ ሕንዳዊ ሲቪል ከአገሩ የሚቀበለው ከፍተኛው ክብር ይህ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ፣ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙን መጀመሪያ የሰማሁት ከሕንዳዊ የፊዚክስ መምህሬ ነው። አንባቢ እንደሚያስታውሰው፣ ሕንዳውያን መምህራን በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከአንድ ትውልድ በላይ አስተምረዋል። እኒያ መምህራችን አንድ ቀን ስለ ብርሃን ሲያስተምሩ ባሕር ለምን ሰማያዊ እንደሚመስል ጠየቁን። ከመካከላችን ባሕር ያየ አልነበረም። እሳቸው መልሳችንን ሳይጠብቁ፣ በ1921 ከአውሮፓ በመርከብ ሲመለስ የሜዲትራኒያንን ሰማያዊነት አይቶ ይህንኑ ጥያቄ ስለ ጠየቀ ስለ አንድ የአገራቸው ሰው አጫወቱን። ሰውየው ቻንድራሴካራ ቬንካታ ራማን ነው። ጥያቄው በ1928 ዛሬ በስሙ ወደሚጠራው የብርሃን መበተን ግኝት አደረሰው፤ በ1930 ደግሞ የኖቤል ሽልማትን አስገኘለት። መምህራችን ኖቤሉን በአንድ ዐረፍተ ነገር አልፈው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በ1954 ደግሞ አገሬ ብሃራት ራትና ሰጠችው» አሉ። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ስንት ብር ነው?» ሲል ጠየቀ። መምህራችን ሳቁ። «ምንም። አንድ ሳንቲም የለውም» አሉን። መላው ክፍል ለራማን አዘነለት።

ያ ሳቅ የገባኝ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

* * *

ብሃራት ራትና የተወለደው ማዕረግን ከሚጠላ ሕገ መንግሥት ማህፀን ነው። ይህን ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። እንግሊዞች ሕንድን ሲገዙ በጠመንጃ ብቻ አልገዙም፤ በማዕረግም ገዝተዋል። ለታማኝ ባለርስት፣ ለትጉህ ዳኛ፣ ለባለጸጋ ነጋዴ «ራይ ባሃዱር»፣ «ካን ባሃዱር»፣ ከፍ ሲል ደግሞ «ሰር» የሚል ማዕረግ ይሰጡ ነበር። ግራዝማችነትና ቀኛዝማችነት በሰው ስም ፊት ሲቆም ምን ያህል እንደሚከብድ ለምናውቅ ለእኛ የነገሩ ጉልበት አይጠፋንም። ልዩነቱ የእነዚያን ማዕረግ የሚሰጠው የባዕድ ንጉሥ መሆኑ ነው።

ባለቅኔው ራቢንድራናት ታጎር በ1913 የሥነ ጽሑፍ ኖቤልን አገኘ፤ በ1915 የእንግሊዝ ንጉሥ «ሰር» አለው። ሚያዝያ 13 ቀን 1919 በአምሪትሳር ከተማ፣ ጃሊያንዋላ ባግ በሚባል ዙሪያው በግንብ በታጠረ ሜዳ ላይ፣ በጄኔራል ዳየር የሚመራ ጦር መሣሪያ ባልያዘ ሕዝብ ላይ ተኮሰ። መንግሥት ራሱ ያመነው የሟቾች ቁጥር 379 ነው፤ ሕንዳውያን የቆጠሩት ከዚያ እጅግ ይበልጣል። የካቲት 12ን ለሚያስታውስ ኢትዮጵያዊ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት አያሻም። ታጎር በዚያው ዓመት ግንቦት መጨረሻ ላይ ለእንግሊዙ እንደራሴ ደብዳቤ ጽፎ ማዕረጉን መለሰ። ወገኖቹ እንዲያ ተዋርደው እሱ በክብር ስም መጠራቱ ራሱ ውርደት ሆነበት። በተከታዩ ዓመት ጋንዲም በደቡብ አፍሪካ ለሠራው በጎ ሥራ ከእንግሊዝ መንግሥት የተሰጠውን ሜዳሊያ መለሰ። የሕንድ የነጻነት ትግል ታሪክ የእስርና የሰልፍ ታሪክ ብቻ ሳይሆን የተመለሱ ኒሻኖችም ታሪክ ነው።

እንግዲህ በጥር 1950 የጸናው ሕገ መንግሥት በ18ኛው አንቀጹ መንግሥት ከጦር ሠራዊትና ከትምህርት ማዕረግ በቀር ምንም ዓይነት ማዕረግ እንዳይሰጥ የከለከለው ከዚህ ቁስል ተነሥቶ ነው። የአርቃቂው ኮሚቴ ሊቀመንበር ቢምራኦ አምቤድካር ነበር። ይህን ስም አንባቢ ይያዝልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ማዕረግን ያጠፋ ሪፐብሊክ ግን ብዙ ሳይቆይ አንድ ችግር ገጠመው። ታላላቆቹን በምን ያመስግን? ጥር 2 ቀን 1954 ፕሬዚዳንቱ ባወጣው ደንብ ብሃራት ራትና ተቋቋመ። በመጀመሪያው ደንብ መሠረት የሚሰጠው በኪነ ጥበብ፣ በሥነ ጽሑፍና በሳይንስ ልዩ አገልግሎት ላበረከተ፣ እንዲሁም ላቅ ያለ የሕዝብ አገልግሎት ለሰጠ ሰው ነው። በዘር፣ በሥራ መደብ፣ በሹመት ወይም በፆታ ልዩነት አይደረግም። ገንዘብ የለውም። ተሸላሚው በፕሬዚዳንቱ የተፈረመ የምስክር ወረቀትና ሜዳሊያ ይቀበላል፤ ስሙ ላይ ግን ሊቀጥለው አይችልም። ራማን ከተሸለመ በኋላም ያው ራማን ነው። «ይህ ታዲያ ማዕረግ አይደለም ወይ?» የሚሉ ሰዎች ጉዳዩን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አደረሱት። ፍርድ ቤቱ በ1995 በሰጠው ውሳኔ ሽልማቱ ማዕረግ አለመሆኑን፣ ይሁን እንጂ ከስም በፊትም ሆነ ከስም በኋላ መጻፍ ክልክል መሆኑን አስረግጦ ተናገረ። ክብሩ ለሥራው እንጂ ለስሙ እንዳይሆን ታስቦ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ተሸላሚዎች ምርጫም ይህን ሐሳብ የሚያሳይ ይመስለኛል። አንዱ ራማን ነው። ሁለተኛው ፈላስፋው ሳርቬፓሊ ራዳክሪሽናን ነው። ሦስተኛው ቻክራቫርቲ ራጃጎፓላቻሪ ነው፤ የሕንድ የመጨረሻው ጠቅላይ ገዥ የነበረና የአገሩን ጥንታዊ ተረኮች ለተራው አንባቢ በሚገባ ቋንቋ መልሶ የጻፈ ሰው። ከሦስቱ ሁለቱ፣ ራማንና ራዳክሪሽናን፣ ቀደም ሲል ከእንግሊዝ ንጉሥ «ሰር» ተብለው ነበር። አገራቸው ራሷን ችላ ስትቆም በራሷ ቋንቋ እንደገና ጠራቻቸው።

ሜዳሊያው በ1954ቱ ደንብ 35 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ወርቅ እንዲሆን ታስቦ ነበር። በዓመቱ ቅርጹ ተለወጠና የቅጠል መልክ ያዘ። ቅጠሉ የፒፓል ዛፍ ነው፤ ቡድሃ ከሥሩ ተቀምጦ ብርሃን አገኘ የሚባልለት ዛፍ። ይህ ዛፍ የእኛዎቹ የሾላና የዋርካ የቅርብ ዘመድ ነው። አባቶቻችን ከዋርካ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይፈርዱና ይታረቁ እንደነበር ሳስብ፣ ሁለት ሩቅ ሕዝቦች በአንድ ዓይነት ጥላ ሥር እውነትን መፈለጋቸው ደስ ይለኛል። ቅጠሉ 59 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ የተሠራው ከነሐስ ነው፣ ጠርዙና በመካከሉ ያለችው ፀሐይ ፕላቲነም ናቸው። ከፀሐይዋ ሥር ስሙ በሕንድ ፊደል ተቀርጿል። በነጭ ጥብጣብ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። የሚሠራው ኮልካታ በሚገኘው የመንግሥት ሳንቲም ማምረቻ ነው። ቅኔ ለሚወድ አንባቢ ይህ የተዘጋጀ ሰምና ወርቅ ነው፤ ሰሙ ነሐስ፣ ወርቁ የማይታይ።

* * *

አሁን ወደ አባባላችን ልመለስ። የመጀመሪያው ደንብ ለሞተ ሰው ስለ መሸለም አልፈቀደም። ይህን ሳነብ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር፤ የሪፐብሊኩ መሥራቾች «ካልሞተ አይመሰገንም»ን በደንብ የሻሩት መስሎኝ። ግን አንድ ዓመት ብቻ ነው የዘለቀው። በጥር 1955 ደንቡ ተሻሽሎ ለሙታንም እንዲሰጥ ተፈቀደ። የመጀመሪያው ከሞት በኋላ ተሸላሚ በጥር 1966 ታሽከንት ላይ በድንገት ያረፈው ጠቅላይ ሚኒስትር ላል ባሃዱር ሻስትሪ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ያለው ዝርዝር ሲነበብ ሙታን እየበዙ ይሄዳሉ።

ሽልማቱ በጊዜው የደረሰበትን ምሳሌ ልጥቀስ። ዶንዶ ኬሻቭ ካርቬ በሂሳብ መምህርነት የኖረ ሰው ነው። በዚያ ዘመን ባል የሞተባት ሴት ዳግም ማግባት እንደ ነውር በሚታይበት ኅብረተሰብ ውስጥ፣ እሱ ሚስቱ ስትሞት በ1893 ባሏ የሞተባትን ሴት አገባ። ዘመዶቹ አገለሉት። እሱ ግን ለእንዲህ ዓይነቶቹ ሴቶች መጠለያና ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በ1916 የሴቶች ዩኒቨርሲቲ አቋቋመ። ብሃራት ራትና የተሰጠው በ1958 ነው፣ ልክ መቶ ዓመት በሞላው ዓመት። ከዚያ በኋላም አራት ዓመት ኖረ። አገሩ ዘግይታለች ማለት ይቻላል፤ እሱ ግን ጠበቃት።

ሁሉም ካርቬን አይሆንም። የትምህርት ሚኒስትሩ አቡል ካላም አዛድ ሽልማቱ ሲቀርብለት፣ መራጭ የነበረ ሰው ተመራጭ መሆን የለበትም በሚል ምክንያት አልቀበልም እንዳለ ይነገራል። በ1958 ሞተ። በ1992፣ ከ34 ዓመት በኋላ፣ ከሞት በኋላ ተሸለመ። እምቢ ያለን ሰው ከሞተ በኋላ መሸለም ማክበር ነው ወይስ ቃሉን መጣስ? ሙት አይመልስም። በአንጻሩ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኔህሩ በ1955፣ ልጁ ኢንዲራ ጋንዲም በ1971፣ ሁለቱም በሥልጣን ላይ ሳሉ ተሸልመዋል። ኔህሩን የሸለመው ፕሬዚዳንት ራጀንድራ ፕራሳድ ውሳኔው የራሱ እንደነበረ ተናግሯል፤ ለአስመራጭና ለተመራጭ መቀራረብ ግን በር ተከፈተ።

በሩን ሊዘጋ የሞከረ አንድ ሰው ነበር። ሞራርጂ ዴሳይ በ1977 የአስቸኳይ ጊዜው አገዛዝ አብቅቶ በምርጫ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆን፣ እነዚህ ሽልማቶች ዋጋ የላቸውም፣ ለፖለቲካ ውለዋል ብሎ በሐምሌ ወር ብሃራት ራትናን ከነተከታዮቹ አስቀረ። ኢንዲራ ጋንዲ በጥር 1980 ወደ ሥልጣን ስትመለስ ሽልማቱም ተመለሰ። ከዚያስ? በ1991 የብሃራት ራትና ተሸላሚዎች ዝርዝር ሲወጣ ከሦስቱ ስሞች አንዱ ሞራርጂ ዴሳይ ነበር። ያጠፋውን ሜዳሊያ ዕድሜው 95 ሲሆን ተቀበለ። ከዚያ በፊት በ1990 ጎረቤትና ባላንጣ የሆነችው ፓኪስታን የራሷን ከፍተኛ ክብር «ኒሻነ ፓኪስታን»ን ሰጥታዋለች። «ኒሻን» የምንለው ቃል ከፋርስ ምንጭ ተነሥቶ ወደ እኛም ወደ እነሱም የደረሰ ስደተኛ ቃል መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ለቋንቋ ወዳጅ ደስ ይላል። ሰውየውን ግን ልወቅሰው አልቻልኩም። እርጅና ያለሰልሳል፤ ምስጋናን የናቀ ሁሉ የምስጋና ረሀብ የለበትም ማለት አይደለም።

* * *

ከዝርዝሩ ውስጥ ደጋግሜ የምመለስባቸው ሁለት ስሞች ናቸው፤ አንደኛው የተሰጠው፣ ሁለተኛው ሊሰጠው ተሞክሮ የቀረ።

የመጀመሪያው አንባቢ እንዲይዝልኝ የለመንኩት አምቤድካር ነው። የተወለደው ሌላው ሕዝብ ሲነካው ረከስሁ ከሚልበት ወገን ነው። በልጅነቱ ትምህርት ቤት ውስጥ ከሌሎች ልጆች ተነጥሎ ተቀምጧል፤ የውሃውን ዕቃ በእጁ መንካት አይፈቀድለትም ነበር። ይህ ልጅ አድጎ በኒውዮርክና በለንደን ትልቁን ትምህርት ተምሮ ተመለሰ፤ የአገሩንም ሕገ መንግሥት አረቀቀ። ማዕረግን ያጠፋው ያ አንቀጽ የወጣው ከእሱ ኮሚቴ እጅ ነው፤ ሰው በስሙና በውልደቱ ምክንያት ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ምን እንደሚያም ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። በታኅሣሥ 1956 ሞተ። ብሃራት ራትና ሲቋቋም በሕይወት ነበር፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ሊሰጠው ይቻል ነበር። የተሰጠው በ1990 ነው፤ ባለቤቱ ተቀበለችለት። 34 ዓመት! በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ሜዳሊያው የተሰጣቸው ሁሉ የተሸለሙት እሱ ባረቀቀው ሕግ ሥር ነው። «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» ብንል እንበድላለን፣ በመጨረሻ ከፍለዋልና። ነገር ግን ዕዳ በወራሽ ሲከፈል ባለቤቱ ጋ አይደርስም።

ሁለተኛው ሱባሽ ቻንድራ ቦስ ነው። ከእንግሊዝ ጋር በጦር ለመፋለም የሕንድ ብሔራዊ ሠራዊትን የመራ ሰው ነው። በነሐሴ 1945 ታይዋን ላይ በአውሮፕላን አደጋ እንደ ሞተ ተነገረ። ብዙ ሕንዳውያን ግን አላመኑም፤ ይመለሳል እያሉ አሥርት ዓመታት ጠበቁት። መንግሥት በጥር 1992 ብሃራት ራትና «ከሞተ በኋላ» ተሰጥቶታል ብሎ አወጀ። ያች አንዲት ቃል ነገሩን ሁሉ አበላሸችው። መሞቱ መቼ ተረጋገጠና ነው «ከሞተ በኋላ» የምትሉት ብለው ተቃዋሚዎች ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ቤተሰቡም ሽልማቱን አልተቀበለም። ጉዳዩ በ1997 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲዘጋ አዋጁ እንደተሰረዘ ተቆጠረ። ሜዳሊያውን የሚቀበል እጅ አልተገኘም።

ይህን ታሪክ ሳነብ በዓሉ ግርማን አለማስታወስ አልቻልኩም። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ ያልተመለሰው የ«ኦሮማይ» ደራሲ። መቃብሩ የማይታወቅ ሰው ስም አጠገብ ምን ብለን እንጽፋለን? ሁለቱን ሰዎች ማወዳደሬ አይደለም፤ አንዱ የጦር መሪ፣ ሌላው ባለ ብዕር ነው። የማወዳድረው የቀሪዎቹን ሁኔታ ነው። መሞቱን ሳታረጋግጥ ሙት ብለህ ልትሸልመው አትችልም። እውነት ሳይነገር የሚሰጥ ክብር ጥያቄውን ለመዝጋት የሚሰጥ ጉቦ ይመስላል። የቦስ ወዳጆች ያንን ሜዳሊያ አልፈልግም ሲሉ የጠየቁት ቀላል ነገር ነው፤ መጀመሪያ ሰውየው የት እንደደረሰ ንገሩን አሉ።

* * *

ሥነ ጽሑፍ ወዳዱ አንባቢ እስካሁን አንድ ነገር ሳይጠይቀኝ አልቀረም፤ ደራስያኑስ? ደንቡ ሲጻፍ «ሥነ ጽሑፍ» የሚለው ቃል በግልጽ ገብቶበታል። እስከ 2024 በተሸለሙት በ53ቱ ስሞች ዝርዝር ውስጥ ግን ልቦለድ በመጻፉ ወይም ግጥም በመግጠሙ ብቻ የተሸለመ ሰው አላገኘሁም። ታጎር በ1941 ስለሞተ ሽልማቱን አልደረሰበትም። ራጃጎፓላቻሪ ጸሐፊ ነው፤ የተሸለመው ግን በአገር መሪነቱ ጭምር ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ አታል ቢሃሪ ቫጅፓዪ ገጣሚ ነበር፤ በ2015 ሜዳሊያው ሲሰጠው ታምሞ ስለነበር ፕሬዚዳንቱ ራሱ ቤቱ ድረስ ሄዶ አስረክቦታል። ያም ቢሆን ገጣሚነቱን ያስከተለው ለመሪነቱ ነው።

ሌሎቹ ጥበባት በዘገየ ሰዓትም ቢሆን በሩን አንኳኩተዋል። የፊልም ሠሪው ሳትያጂት ሬይ በ1992 የሞት አልጋ ላይ ሳለ ነበር የተሸለመው፤ በሚያዝያ 23 ቀን ዐረፈ። ኤም ኤስ ሱቡላክሽሚ በ1998 ከሙዚቃ ሰዎች የመጀመሪያዋ ሆነች። በ2001 ዘፋኟ ላታ ማንጌሽካር እና የሸህናይ ነፊው ቢስሚላህ ካን ተሸለሙ። ሸህናይ በሠርግና በቤተ መቅደስ ደጃፍ የሚነፋ የትንፋሽ መሣሪያ ነው። ቢስሚላህ ካን ሙስሊም ሆኖ ሳለ ዕድሜውን በሂንዱዎቹ ቅዱስ ከተማ በቫራናሲ ኖሮ በዚያው ባሉ ቤተ መቅደሶች ነፍቷል። በእሱ አንገት ላይ ያ ቅጠል ሲንጠለጠል የሕንድን ሕገ መንግሥት ያነበብሁ ያህል ይሰማኛል። በታኅሣሥ 2011 ደንቡ ተሻሽሎ ለማንኛውም የሰው ልጅ ጥረት እንዲሰጥ ሲሆን፣ በ2014 የክሪኬት ተጫዋቹ ሳቺን ተንዱልካር በ40 ዓመቱ ከሁሉ ወጣቱ ተሸላሚ ሆነ። ለስፖርተኛ በሩ ሲከፈት ደራሲው አሁንም ውጭ ቆሟል።

ከዜግነት ድንበር የተሻገሩባቸው ጊዜያትም አሉ። በ1980 በአዲስ አበባም ቤት ያላቸው ማዘር ቴሬዛ ተሸለሙ፤ እሳቸው በትውልድ ባዕድ፣ በዜግነት ሕንዳዊት ነበሩ። በ1987 የፓኪስታን ዜጋ የሆነው አረጋዊ የሰላም ታጋይ አብዱል ጋፋር ካን፣ በ1990 ደግሞ ገና ከእስር ቤት የወጣው ኔልሰን ማንዴላ። በ1962 እኛው አገር መጥቶ የጦር ትምህርት የተማረውን ማንዴላን ሕንድ በጋንዲ ማኅደር ውስጥ ስታስገባው ምንም አልከበዳትም። ሰፊ ልብ ያስፈልገዋል።

ሽልማቱ ከፖለቲካ ነጻ ነው የሚል የዋህ አይደለሁም። ደንቡ በዓመት ከሦስት በላይ እንዳይሰጥ ይላል፤ በ2024 ግን፣ አገራዊው ምርጫ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ለአምስት ሰዎች ተሰጠ። ከአምስቱ አራቱ በሕይወት አልነበሩም። ከእነዚህ አንዱ የእህል ሳይንቲስቱ ኤም ኤስ ስዋሚናታን ነው፤ ሕንድ በረሀብ ከመለመን ወጥታ ራሷን እንድትመግብ ካደረጉት ግንባር ቀደሙ። በመስከረም 2023 በ98 ዓመቱ ሞተ፤ ሽልማቱ የታወጀው በየካቲት 2024 ነው። አምስት ወር እንኳ አልሞላም። አገሩን ያበላ ሰው ዘጠና ስምንት ዓመት ሙሉ እዚያው ነበር።

ጋንዲስ? ጋንዲ በጥር 1948፣ ሽልማቱ ከመቋቋሙ ስድስት ዓመት በፊት ተገደለ። በኋላም አልተሰጠውም። ይሰጠው ብለው የጠየቁ ሰዎች በ2020 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርሱ፣ ዳኞቹ ሕዝቡ የሰጠው ስፍራ ከማንኛውም ሽልማት በላይ ነው ብለው መለሷቸው። አንዳንድ ሰው ሜዳሊያ ሲሰጡት ሜዳሊያው ነው የሚከበረው።

* * *

እኛም አገር በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት ነበረን። ከበደ ሚካኤል፣ አፈወርቅ ተክሌ፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን በሕይወታቸው፣ ገና ሊሠሩ በሚችሉበት ዕድሜ ተሸልመዋል። ያ ሽልማት ጉድለት ነበረበት፤ በንጉሥ ስም የተቋቋመ ነውና ከንጉሡ ጋር በ1967 ዓ.ም. አካባቢ ቀረ። ስለዚህም ሁለቱን ሳስተያይ ከሕንዶቹ አንድ ነገር እቀናለሁ። ሜዳሊያቸው ተሰርዞ ተመልሷል፣ ተከስሷል፣ ተንቋል፣ ለምርጫ ውሏል፤ ግን ሰባ ዓመት ዘልቋል። የአንድ ሰው ስም ስላልያዘ ማንም ሲወርድ አብሮ አልወረደም። የእኛ ችግር መሸለም አለመቻላችን ብቻ አይደለም፤ የትናንቱ ሸላሚ ሲሄድ የትናንቱንም ተሸላሚ አብረን መሸኘታችን ነው።

ከዚህ ሁሉ ንባብ የቀረልኝ ትምህርት አጭር ነው። ሽልማት ለተቀባዩ ያን ያህል አይጠቅመውም፤ ራማን ያለ ሜዳሊያውም ባሕሩን ሰማያዊ ያደረገውን ያውቅ ነበር። የሚጠቅመው ለሰጪው ነው። አንድ ሕዝብ ማንን ሊመስል እንደሚፈልግ ጮክ ብሎ የሚናገርበት መንገድ ነውና። ሰውየው በሕይወት ሳለ ከተነገረ ደግሞ እሱም ይሰማል፣ ያርማል፣ «ተሳስታችኋል» ለማለትም ዕድል ያገኛል። ሙታንን መሸለም ቀላል የሚሆነው አይቃወሙንምና ነው። የሕንዶቹ ሜዳሊያ ቅጠል መሆኑን አስታውሱ፤ አባቶቻችን ስለ ቅጠልም ስለ ሰውም የሚሆን አንድ ቃል አላቸው፤ «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ»።

ያ የፊዚክስ መምህሬ ውላቸው ሲያልቅ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በሽኝታቸው ዕለት ተማሪው ሁሉ አለቀሰ፤ ርእሰ መምህሩ ረጅም ንግግር አደረጉ፤ ነጭ ጋቢ አለበስናቸው። እሳቸው ጋቢውን እየነካኩ በተሰባበረ አማርኛ «ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር» አሉ። ያኔ ትሕትና መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው እውነታቸውን ነው፤ ባስተማሩን ዓመታት ሁሉ ማናችንም ምንም አልነገርናቸውም። ዛሬ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ወሬያቸው የለኝም፤ እንደ ቦስ ወዳጆች ያችን ቃል ከስማቸው አጠገብ መጻፍ አልደፍርም። ስለዚህ በአሁን ጊዜ ግስ እጽፈዋለሁ፦ ቲቸር፣ አመሰግናለሁ። አንድ ሳንቲም የለውም።